የቤት አረቄ ፍተሻ

የቤት አረቄ ፍተሻ በቤት ውስጥ የወጣ አረቄ ምን ያህል አልኮል እንደያዘ፣ እንዲሁም ጠጪውን የሚጎዳ ነገር እንዳለበትና እንደሌለበት የሚታወቅበት ዘዴ ነው። በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ አረቄ በአብዛኛው በየቤቱ በሴቶች እጅ ይወጣል፤ የሚፈተሸውም በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በምላስና በክብሪት ነው። እነዚህ ባህላዊ ፍተሻዎች «ጠንካራ ነው ወይስ ተበርዟል?» ለሚለው ጥያቄ ሻካራም ቢሆን መልስ ይሰጣሉ። «ሜታኖል አለበት ወይ?» ለሚለው ግን አንዳቸውም መልስ የላቸውም። የሚገድለው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ስሙና አሠራሩ

አረቄ የሚለው ቃል ከዓረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ላብ ማለት ነው። ከመቃው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለውን ፈሳሽ ላየ ሰው ስያሜው እንግዳ አይሆንበትም። በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ካቲካላ በሚል ስምም ይታወቃል።

ሥራው የሚጀምረው በጥንስስ ነው። የተፈጨ ጌሾና የብቅል ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ከዚያ የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመርበትና ድፍድፍ ይሆናል፤ ድፍድፉም እንደ አየሩ ሁኔታ ለቀናት ይብላላል። ለቂጣው የሚሆነው እህል እንደየአካባቢው ይለያያል። በጮቄ ተራራ ተዳፋት ገብስ ይቀርባል፤ ዝቅ ባለው ወይና ደጋ በቆሎና ስንዴ፣ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ ዳጉሳ ይበዛል። ብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ፤ እርሾው ስኳሩን ወደ ኢታኖል ይለውጣል። ኢታኖል በጠላ፣ በጠጅ፣ በቢራና በአረቄ ውስጥ ያለው የሚያሰክረው አልኮል ነው።

የተብላላው ድፍድፍ በእንስራ ወይም በበርሜል ሆኖ እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ ላይ መቃ ወይም ቱቦ ይገጠምና ተን እንዳያመልጥ ዙሪያው በሊጥ ወይም በጭቃ ይመረጋል። የመቃው ሌላኛው ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ መቀበያ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ሲሞቅ ይቀየራል። በመጀመሪያው ማውጣት የሚገኘው ተራ አረቄ ይባላል። እሱ እንደገና ተጥዶ ሲወጣ ዳግም ይሆናል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ባህላዊ መጠጦችን አልኮል የለካ ጥናት ለተራ አረቄ በአማካይ 34 በመቶ፣ ለዳግም 46 በመቶ ገደማ አግኝቷል። ይህ አማካይ ብቻ ነው፤ በአንድ መንደር ውስጥ እንኳ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል።

ጥንካሬው ለምን ይለዋወጣል?

ኢታኖል ከውሃ ቀድሞ ይተናል። በባሕር ጠለል ላይ ንጹሕ ኢታኖል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ አይበልጥም። እዚያ ውሃ በ92 ዲግሪ፣ ኢታኖል በ71 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የደጋ ሰው ባቄላ ለመቀቀል ብዙ እንጨት የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድፍድፉ ውስጥ ያለው አልኮል 8 በመቶ ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚነሳው ተን ሲቀዘቅዝ ግማሽ ያህሉ አልኮል የሆነ ፈሳሽ ይሰጣል። ነገር ግን አልኮሉ ቀድሞ ስለሚወጣ እንስራው ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ እየቀጠነ ይሄዳል፤ የሚወርደውም ጠብታ አብሮ ይዳከማል። እሳቱ ሳይጠፋ ቢቆይ በመጨረሻ የሚወርደው ሽታ ያለው ውሃ ነው። ስለዚህ የአረቄው ጥንካሬ የሚወሰነው በድፍድፉ ብቻ ሳይሆን መቀበያው መቼ እንደተነሳ ነው።

የፍተሻው ኢኮኖሚያዊ ክብደት ያለውም እዚህ ላይ ነው። አውጪዋ ቶሎ ብታቆም አረቄው ያይላል፤ ግን ሊትሩ ያንሳል፣ እህሉና የባሕር ዛፍ ማገዶውም ያለ ዋጋ ይቀራል። ብታዘገይ ሊትሩ ይበዛል፤ ደንበኛ ግን «ውሃ ነው» ብሎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። አረቄ ቀምሶ የማያውቅ ገዢ ስለማይኖር ስም አንዴ ከጠፋ ለመመለስ ይቸግራል። ከአውጪዋ በኋላ ደግሞ በጀሪካን ተረክቦ የሚወስድ ነጋዴና በመለኪያ የሚቀዳ ሻጭ አለ፤ በእያንዳንዱ እጅ ላይ ለመበረዝ ምክንያት ይገኛል። የትንሿ ብርጭቆ ስም መለኪያ መሆኑ የሚያስገርም ነው፤ የምትለካው መጠኑን እንጂ ውስጡ ያለውን አልኮል አይደለም።

የእሳት ፍተሻ

በጣም የተለመደው ፍተሻ ይህ ነው። ጥቂት አረቄ ማንኪያ ወይም የጠርሙስ ክዳን ላይ ይፈስና ክብሪት ይቀርብለታል። ከነደደ «ደህና ነው»፣ ካልነደደ «ተበርዟል» ይባላል። አንዳንዶች ጣታቸውን ነክረው ይለኩሳሉ፤ ይህ ቃጠሎ የሚያስከትል አደገኛ ልማድ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም። እንግሊዞች ቀድሞ አረቄ ነክ መጠጦችን የሚፈትሹት ባሩድ በመጠጡ አርሰው በመለኮስ ነበር። ባሩዱ ከተቀጣጠለ መጠጡ «ፕሩፍ» ማለትም ፍተሻውን ያለፈ ይባል ነበር፤ ግብሩም በዚያ መሠረት ይቆረጣል። በኋላ ይህ ነጥብ በልኬት ሲወሰን 57 በመቶ አልኮል ገደማ ሆነ። ዛሬም በአንዳንድ የውጭ አገር ጠርሙሶች ላይ የሚታየው የፕሩፍ ቁጥር የዚያ ባሩድ ቅሪት ነው።

የእሳት ፍተሻ ትልቁ ድክመት የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ መሆኑ ነው። ተኑ እሳት እንዲይዝ ከፈሳሹ በላይ ባለው አየር ውስጥ በቂ መጠን ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ደግሞ በሙቀት ይወሰናል። በባሕር ጠለል ላይ 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በክብሪት የሚያያዘው 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው። 30 በመቶ ለሆነው 29 ዲግሪ፣ 20 በመቶ ለሆነው 36 ዲግሪ ያህል ያስፈልጋል። ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ልብ ይሏል። በ30 እና በ40 በመቶ መካከል ያለው የጥንካሬ ልዩነት ለገዢው ትልቅ ነው፤ ለክብሪቱ ግን የሦስት ዲግሪ ጉዳይ ብቻ ነው።

ከፍታም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ያው መጠን ያለው የአልኮል ተን በሳሳው አየር ውስጥ የሚይዘው ድርሻ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ቶሎ ይያያዛል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ከላይ የተጠቀሱት ሙቀቶች ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላሉ። በዚህ ስሌት 30 በመቶ የሆነ ተራ አረቄ 23 ዲግሪ በሞላው ክፍል ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሊነድ ይችላል። ያው አረቄ በዓባይ በረሃ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ድልድይ አጠገብ ለመንደድ ከደጀን አፋፍ ይልቅ 3 ዲግሪ ያህል ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ በረሃው ሞቃት ስለሆነ ግን ያንን ያለ ችግር ያገኛል።

በተቃራኒው በብርዳማ የደጋ ማለዳ፣ 10 ዲግሪ ላይ ያደረ ጥሩ ዳግም ክብሪት ሲቀርብለት ወዲያው ላይያያዝ ይችላል። ክብሪቱ ላዩ ላይ ከቆየ ግን ራሱ ያሞቀዋልና ይነዳል። ከመቃው ገና የወረደ ለብ ያለ አረቄ ደግሞ ደካማ ቢሆንም ይነዳል። ስለሆነም አንድ ሻጭ አረቄውን ትንሽ አሙቆ ማቅረቡ ብቻ ፍተሻውን ለማለፍ ይበቃዋል። የእሳት ፍተሻ ሁለት አረቄዎችን ለማነጻጸር ከተፈለገ ሁለቱም በአንድ ቤት አድረው፣ በአንድ ዓይነት ክዳን፣ በአንድ ጊዜ ሊፈተሹ ይገባል። ያኔም ቢሆን የሚናገረው የትኛው እንደሚበልጥ እንጂ ስንት በመቶ እንደሆነ አይደለም።

አቃጥሎ የቀረውን ውሃ የመለካት ዘዴም አለ። ከ100 ሚሊ ሊትር ነዶ 60 ከቀረ «40 በመቶ አልኮል ነበረው» ይባላል። ስሌቱ ቀላል ቢመስልም እሳቱ አልኮሉ ሁሉ ሳያልቅ ይጠፋል፤ እየነደደም ውሃውን ጭምር ያተናል። ሁለቱ ስህተቶች በአጋጣሚ ካልተጣጡ በስተቀር ውጤቱ አይታመንም።

አረፋ፣ ሽታና ጣዕም

ጠርሙስ በኃይል ሲናጥ በአረቄው ጠርዝ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ አረፋ ይወጣል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የአረፋውን መጠንና ዕድሜ አይተው ይፈርዳሉ። በጥቅሉ አልኮሉ ሲበዛ አረፋው ተለቅ ብሎ ቶሎ ይፈርሳል፤ ሲያንስ ያንሳል፣ ይቆያልም። የአንድን ቤት አረቄ ለዓመታት ሲያይ ለኖረ ሰው ይህ ጥሩ መመሪያ ነው። ሆኖም የሙቀቱ መጠንና በመጨረሻ ላይ የሚወርዱት ቅባት መሰል ነገሮች አረፋውን ይለውጣሉ፤ አንድ ጠብታ ሳሙና ደግሞ ጨርሶ ያታልላል።

አፍንጫ ከዓይን የተሻለ ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ የሚወርደው ጥቂት ፈሳሽ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሰነፍጥ ሽታ አለው፤ ይህ አሴታልዴሃይድና ኢታይል አሴቴት የተባሉ ቀለል ያሉ ውሁዶች ሽታ ነው። መጨረሻ ላይ የሚወርደው ደግሞ ከበድ ያለ፣ የረጠበ እህል የሚመስል ሽታ ይይዛል። ድፍድፉ እንስራው ሥር ተጣብቆ ካረረ ሽታው እስከ መለኪያው ድረስ ይከተላል። ብዙ አውጪዎች መጀመሪያ የሚወርደውን ደፍተው፣ የመጨረሻውን ለይተው የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው፤ ለጣዕም ሲባል ትክክለኛ ሥራ ነው። ከመርዝ ያድናል የሚለው እምነት ግን ከታች እንደሚታየው ልክ አይደለም።

የአልኮል ሜትር

አልኮል ሜትር ከታች ክብደት ያለው፣ ከላይ ቀጭን አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የመስታወት ተንሳፋፊ ነው። የሚሠራው በአርኪሜደስ ሕግ ነው፤ ፈሳሹ ቀለል ባለ መጠን ተንሳፋፊው ይበልጥ ይሰምጣል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ 0.998 ግራም፣ አንድ ሚሊ ሊትር ኢታኖል 0.789 ግራም ይመዝናል። የሁለቱ ድብልቅ በመካከላቸው ይወድቃል፤ 40 በመቶ የሆነው 0.948 ግራም ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌ ሉሳክ በ1824 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከ0 እስከ 100 የሚሄድ መለኪያ እስከ ዛሬ የብዙዎቹ መሣሪያዎች መሠረት ነው።

መሣሪያው ውድ አይደለም፤ አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያ ቁጥሩ ትክክል የሚሆነው መሣሪያው ላይ በተጻፈው ሙቀት ብቻ ነው፤ ይህም በአብዛኛው 20 ዲግሪ ነው። በ40 በመቶ አካባቢ ላለ አረቄ እያንዳንዱ ዲግሪ ንባቡን 0.4 ነጥብ ያህል ያዛባል። በደጋ ማለዳ 10 ዲግሪ ላይ ሲለካ በእርግጥ 40 የሆነው አረቄ 36 ሆኖ ይታያል፤ አውጪዋም ያለ ጥፋቷ በራዥ ትባላለች። ከመቃው እንደወረደ ሞቆ ሲለካ ደግሞ ደካማው ጠንካራ ይመስላል። ስለዚህ ቴርሞሜትር የሌለው አልኮል ሜትር ግማሽ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው ስኳር ነው። ማር ወይም ስኳር የገባበት አረቄ እፍጋቱ ስለሚጨምር ተንሳፋፊው ከፍ ይላል፤ ንባቡም ከእውነቱ በታች ይሆናል። በዚሁ ምክንያት ጠላንም ሆነ ጠጅን በአልኮል ሜትር በቀጥታ መለካት አይቻልም። መጀመሪያ መንጠር፣ የወጣውን ፈሳሽ በውሃ ወደ ቀድሞው መጠን መመለስ፣ ከዚያ መለካት ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ሜታኖል ነው። የሜታኖል እፍጋት 0.791 ግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ ከኢታኖል ጋር የሚለያየው በሁለት ሺኛ ግራም ብቻ ነው። አልኮል ሜትር ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። በመርዝ የተቀላቀለ መጠጥ ሸጋ ቁጥር ያሳያል።

ጠርሙስና ሚዛን

አልኮል ሜትር በሌለበት ትምህርት ቤት ያው ልኬት በጠርሙስና በሚዛን ሊሠራ ይችላል። አንድ ጠርሙስ ባዶውን ይመዘናል፤ ከዚያ እስከ አፉ ውሃ ተሞልቶ፣ ቀጥሎም ደርቆ እስከዚያው ምልክት አረቄ ተሞልቶ ይመዘናል። የአረቄው ክብደት ለውሃው ክብደት ሲካፈል አንጻራዊ እፍጋቱ ይገኛል። አንድ ሊትር ጠርሙስ 998 ግራም ውሃና 948 ግራም አረቄ ከያዘ ውጤቱ 0.95 ነው፤ ይህም በሠንጠረዥ ላይ 40 በመቶን ያመለክታል።

የጠርሙሱ ትልቅነት ለውጥ ያመጣል። በ100 ሚሊ ሊትር ላይ በተራ አረቄና በዳግም መካከል ያለው ልዩነት 2 ግራም ብቻ ነው፤ የ1 ግራም ስህተት 6 በመቶ ነጥብ ያህል ያሳስታል። በአንድ ሊትር ግን ያው የ1 ግራም ስህተት ከ1 ነጥብ በታች ይሆናል። የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው ስለዚህ ትልቅ ጠርሙስ ይምረጥ። ይህ ዘዴ ከእሳት ፍተሻ በተለየ በከፍታ አይነካም፤ ደጀን አፋፍም ሆነ ዓባይ ድልድይ ላይ ያው ነው። የሚጠይቀው ውሃውና አረቄው እኩል ሙቀት ላይ እንዲሆኑ ነው።

እግረ መንገድ፣ 50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮልና 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲቀላቀሉ 100 አይሞሉም፤ 97 አካባቢ ይሆናሉ። የሁለቱ ሞለኪውሎች ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ነው። ይህ ሙከራ በተማሪዎች ዘንድ ሁልጊዜ ክርክር ያስነሳል።

ሜታኖል

ሜታኖል ከኢታኖል ጋር በመልክ፣ በሽታና በጣዕም የሚቀራረብ አልኮል ነው። በሰውነት ውስጥ ጉበት መጀመሪያ ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ አሲዱም የዓይን ነርቭን ያጠቃል። 10 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ሜታኖል ዓይን ሊያጠፋ፣ 30 ሚሊ ሊትር ያህሉ ሊገድል ይችላል። ምልክቱ ወዲያው አይታይም። ጠጪው እንደማንኛውም ሰው ሰክሮ ይተኛል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመምና ዓይን ላይ ጉም እንደ ወረደ ያለ መደብዘዝ ይመጣል። ኢታኖል አብሮ ከተጠጣ ምልክቱ የበለጠ ሊዘገይ ይችላል። ብዙ ሰው ሕመሙን የተለመደ የማግስት ራስ ምታት አድርጎ ስለሚወስደው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

ሜታኖል በተፈጥሮ የሚገኘው በዋናነት ፍራፍሬ ውስጥ ካለው ፔክቲን ነው። ገብስ፣ በቆሎና ዳጉሳ ፔክቲናቸው አነስተኛ ስለሆነ ከእህል በሥርዓት የወጣ አረቄ የሚይዘው ሜታኖል ጥቂት ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የጨረሱት አደጋዎች የመጡት በአብዛኛው ለፋብሪካ ሥራ የተሠራ ሜታኖል መጠጥ ውስጥ ሲጨመር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በቼክ ሪፐብሊክ እንዲህ ባለ መጠጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. በኢራን አልኮል ከኮሮና ያድናል የሚል ወሬ ተሰራጭቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ700 በላይ ሰዎች በሜታኖል ሞተዋል። ከዚህ አንጻር የሚያሰጋው አውጪዋ በራሷ ድፍድፍ ያወጣችው አረቄ ሳይሆን፣ በመንገድ ላይ ምንጩ ባልታወቀ አልኮል «የበረታው» ጀሪካን ነው።

ስለ ሜታኖል የሚነገሩ ሦስት ነገሮች ሐሰት ናቸው። አንደኛው፣ ሰማያዊ ነበልባል የንጽሕና ምልክት ነው የሚለው ነው። ሜታኖልም ሐመር ሰማያዊ ሆኖ ይነዳል፤ በብርሃን ላይ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ነበልባሉ ወደ ቢጫ ካደላ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጥቂት ጨው ነው። ሁለተኛው፣ መጀመሪያ የሚወርደውን መድፋት ሜታኖልን ያስወግዳል የሚለው ነው። ንጹሕ ሜታኖል በ65 ዲግሪ፣ በደብረ ማርቆስ ከፍታ ደግሞ በ57 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ቀድሞ ተጠራርጎ የሚወጣ ይመስላል። ውሃ በበዛበት ድፍድፍ ውስጥ ግን ሜታኖል ከኢታኖል ብዙም ሳይለይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሰራጭቶ ይወርዳል። ሦስተኛው፣ ጠንካራ አረቄ ጤናማ ነው የሚለው ነው። ጥንካሬ ስለ ዓይነቱ ምንም አይናገርም።

በመሣሪያ ከሚደረጉት ፍተሻዎች ቀላሉ አልኮል ሜትርንና የብርሃን ስብረት መለኪያን አጣምሮ መጠቀም ነው። 40 በመቶ ኢታኖል የያዘ ውሃ የስብረት መጠኑ 1.355 ገደማ ሲሆን፣ በእኩል መጠን ሜታኖል የያዘው ወደ 1.34 ይጠጋል። አልኮል ሜትሩ «40» ብሎ የስብረት መለኪያው ዝቅተኛ ቁጥር ካሳየ መጠጡ ውስጥ ብዙ ሜታኖል አለ ማለት ነው። አነስ ያለ፣ ሆኖም የሚጎዳ መጠን ግን በዚህ አይያዝም። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ናሙናው በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ሲታከም ሜታኖሉ ወደ ፎርማልዴሃይድ ይለወጣል፤ ቀጥሎ ክሮሞትሮፒክ አሲድና ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመርበት ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል። ቁርጥ ያለውን መልስ የሚሰጠው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ናሙናው ተኖ በረዥም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱ ውሁድ በየራሱ ሰዓት ይወጣል፤ ሜታኖል፣ ኢታኖልና ሌሎቹ ለየብቻ ይለካሉ።

ሜታኖል ጠጥቷል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ምልክቱ እስኪታይ ሳይጠበቅ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሐኪሞች ፎሜፒዞል የተባለውን መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ካልተገኘ ራሱን ኢታኖልን በልክ ይሰጣሉ። ኢታኖል የጉበቱን ኢንዛይም ቀድሞ ስለሚይዘው ሜታኖሉ ወደ መርዝ ሳይለወጥ በሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ በዚህ መካከል በኩላሊት እጥበት ሊወገድ ይችላል። መጠኑ በደም ምርመራ እየተመራ ስለሚሰጥ ይህ በቤት የሚሞከር ነገር አይደለም።

ብረትና በርሜል

የሸክላ እንስራና መቃ ለአረቄው የሚያበረክቱት ብረት የለም። በርሜልና የብረት ቱቦ ሲመጡ ግን አዲስ ጥያቄ አብሮ መጣ። በእርሳስ የተበየደ መገጣጠሚያ አሲድነት ባለው ትኩስ ተን ይሟሟል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የመኪና ራዲያተር ለማቀዝቀዣነት የተጠቀሙ የቤት አረቄ አውጪዎች ደንበኞቻቸውን በእርሳስ መርዘዋል። ቀድሞ ኬሚካል የያዘ በርሜልም ከነቅሪቱ ይሰጋል። እርሳስ ቀለምም ሽታም የለውም፤ እንደ አቶሚክ አብዞርፕሽን ባለ የላቦራቶሪ ምርመራ ካልሆነ በቀር አይታወቅም።

ለመድኃኒትና ለእጅ ማጽጃ

አረቄ በጎጃም ለመጠጥ ብቻ አይወጣም። ነጭ ሽንኩርት ተነክሮበት ለጉንፋንና ለሆድ ቁርጠት፣ ኮሶ ገብቶበት ለኮሶ ትል ይወሰዳል። እንዲህ ያለው አጠቃቀም የጥንካሬን ጥያቄ ከጠጪው ወደ ታማሚው ያሻግረዋል። 34 እና 46 በመቶ ከአንድ ጠርሙስ ቀድቶ ለሚወስድ ሰው፣ በተለይም ለሕፃን ወይም ለነፍሰ ጡር ከተሰጠ፣ ልዩነታቸው ቀላል አይደለም፤ ለእነዚህ ሁለቱ የትኛውም መጠን አይመከርም።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ አረቄ እጅ ለማጽዳት ያገለግላል ወይ የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 80 በመቶ ኢታኖል ይጠይቃል፤ ከ60 በመቶ በታች የሆነ ፈሳሽ ተዋሲያንን የመግደል አቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። ዳግም እንኳ ከዚህ በታች ነው። ክብሪት ሲቀርብለት መንደዱ እጅ ያጸዳል ማለት አይደለም።

ናሙና አወሳሰድ

አረቄ ለላቦራቶሪ ሲላክ ንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ እስከ አንገቱ ይሞላል፤ ባዶ ቦታ ከተተወ አልኮሉ ወደዚያ ይተናል። ክዳኑ በደንብ ይጠብቃል፣ ጠርሙሱ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ ይቀመጣል፣ የተወሰደበት ቀንና ቦታ ይጻፍበታል። ከጀሪካን የሚወሰድ ከሆነ ጀሪካኑ አስቀድሞ ይናጣል። ክርክር ያለበት ጉዳይ ሲሆን ከአንዱ ዕቃ ሁለት ጠርሙስ ተሞልቶ ሁለቱም ይታሸጋሉ፤ አንዱ ለምርመራ ይሄዳል፣ ሌላው ከአውጪዋ ጋር ይቀራል።